ካርቶኑ ስንት ቅጠል ይይዛል?

ወልድያ ላይ ለጠቅላላው ታዳሚ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የፕሪንተር ወረቀት የሚመጣበት ነው። ወረቀቱ ሲያልቅ ካርቶኑ አይጣልም፤ የአሮጌ ፋይል ማደሪያ ይሆናል። ቀበሌ ብትሄዱ፣ ትምህርት ቤት ብትሄዱ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ብትገቡ ግድግዳ ተደግፎ ተደራርቦ ታገኙታላችሁ። ከፋብሪካ ሲመጣ አምስት ደስጣ ይይዛል፤ አንዱ ደስጣ 500 ቅጠል ነው፤ በድምሩ 2,500። እዚህ ላይ ግምት የለም፤ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው፦ ይህንኑ ካርቶን ባገለገለ ፋይል ብንሞላው ስንት ቅጠል ይገባበታል? ለጎረቤታችሁ ሳትናገሩ በልባችሁ አንድ ቁጥር ያዙ። ሳትናገሩ ያልኩት በምክንያት ነው። ከመካከላችሁ አንድ ደፋር ተነሥቶ "ሁለት ሺህ!" ቢል የሌላው ሁሉ ግምት ወደዚያ ይጎተታል፤ ከዚያ በኋላ የምንሰማው የመቶ ሰው ግምት ሳይሆን የአንድ ሰው ግምት መቶ ጊዜ ተደግሞ ይሆናል። በየስብሰባው የምናየው ነገር ስለሆነ አልገፋበትም።

2,500 ያላችሁ ጥሩ ምክንያት አላችሁ፤ ካርቶኑ ያው፣ ወረቀቱም ያው። ዳሩ ግን መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ቁጥር አይቀበልም። የተጻፈበት፣ የተበሳ፣ በስቴፕለር የተመታ፣ በክላሴር የታቀፈ ወረቀት ወደዚያ ካርቶን ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 1,750 ቅጠል ቢገባ ነው። ወደ ሺህ የሚጠጋ ቅጠል ቦታ አጣ ማለት ነው። ቦታውን የያዘው አየር ነው። ስቴፕሉ አንዱን ጥግ ያሳብጣል፤ የታጠፈ ማመልከቻ ሲዘረጋ እጥፋቱ አይጠፋም፤ ማኅተም የረገጠበት፣ እስክሪብቶ የተጫነው ገጽ ይጎረብጣል። ገበያ ላይ ማሽላ በጣሳ ሲሰፈር አይታችኋል፤ ጣሳው ተነቅንቆ ሲሰፈርና ሳይነቀነቅ ሲሰፈር እኩል እህል አይይዝም። ወረቀትም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ፋይል ቢነቀነቅም ብዙ አለመጠቅጠቁ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምለው ነገር ባጭሩ ይኼ ነው፦ አንድ ሳጥን ስንት ወረቀት እንደሚይዝ ለመገመት ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ሞልቷል፤ የሚቸግረው የትኛውን ቁጥር ሄዶ መቁጠር እንዳለበት ማወቁ ነው። ይህንንም በእኛው አገር ጉዳይ፣ በሀብሩ ወረዳ ገበሬ የመሬት ፋይል ላይ ላሳያችሁ አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ወረቀቱ ራሱ ጥቂት እናውራ።

ኤ4 የምንለው ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1922 ጀርመኖች ያወጡት መለኪያ ነው፤ ሐሳቡን ያቀናበረው ዋልተር ፖርስትማን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ትልቁ ወረቀት፣ ኤ0፣ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ነው። እሱን ለሁለት ስታጥፉት ኤ1፣ እንደገና ስታጥፉት ኤ2 እያለ ይወርዳል፤ አራተኛው እጥፋት ኤ4 ነው። የርዝመቱና የወርዱ ንጽጽር በየእጥፋቱ አይለወጥም፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። አራት ጊዜ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ይሆናል፤ ስለዚህ ከአንድ ካሬ ሜትር አሥራ ስድስት ኤ4 ይወጣል። እሽጉ ላይ "80 ግራም" የሚለው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። 80ን ለ16 ብታካፍሉ 5 ይመጣል። አንድ ቅጠል 5 ግራም፣ አንድ ደስጣ 2.5 ኪሎ፣ የካርቶኑ ወረቀት ደግሞ 12.5 ኪሎ መሆኑን ያለ ሚዛን አወቅን ማለት ነው።

ውፍረቱስ? አንዱን ቅጠል በማስመሪያ ለመለካት የሚሞክር ይደክማል። ደስጣውን ለኩ፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለ500 ሲካፈል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ወረቀት በአንድ ሴንቲ ሜትር መቶ ቅጠል ነው። ይህቺን ቁጥር በቃላችሁ ያዙልኝ። ያገለገለ ፋይል ላይ መቶው ወደ 60 ወይም 70 ይወርዳል።

አሁን ካርቶኑን እንተወውና ለሰነድ ማስቀመጫ ተብሎ የሚሠራውን ሳጥን እንመልከት። በውስጡ ርዝመቱ 38፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 25 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ በብዙ አገር መዛግብት ቤቶች የተለመደ መጠን ነው። ተማሪ ሳለን እንደተማርነው ይዘቱን እናስላ፤ 38 በ30 በ25፣ 28,500 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር። የአንድ ቅጠል ይዘት 6.24 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስናካፍል 4,570 ገደማ። ፈተና ላይ ሙሉ ማርክ ያሰጣል። ሳጥኑ ግን አይቀበለውም።

ምክንያቱም ወረቀት ውኃ አይደለም፤ ጥጋ ጥጉን አይሞላም። ፋይሎቹን ብናቆማቸው፣ 29.7ቱ በ30 ሴንቲ ሜትሩ ወርድ ልክ ይገባል፣ 21ዱም ከ25ቱ ከፍታ በታች ያድራል፣ ከላይ አራት ሴንቲ ሜትር ባዶ ይቀራል። የምንደረድረው በ38ቱ ርዝመት ላይ ነው። አዲስ ወረቀት ቢሆን 3,800 ቅጠል። ጋደም አድርገን ብንቆልላቸውስ? ሁለት ክምር ጎን ለጎን 42 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ያለን 38 ነው። ስለዚህ አንድ ክምር ብቻ፣ ከፍታው 25፤ 2,500 ቅጠል። ያው ሳጥን፣ ያው ወረቀት፤ አቀማመጡ ብቻ ሲለወጥ 1,300 ቅጠል ሄደ። ሳጥን የሚገዙ የግዥ ባለሙያዎች ካላችሁ ይዘቱን በሊትር ከመጠየቅ ወርዱ ከ30 ሴንቲ ሜትር አንሶ እንደሆነ ብትጠይቁ ይሻላል። 29 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሳጥን ለኤ4 ፋይል ቁም ሥቃይ ነው።

ክብደትም አለ። 3,800 ቅጠል 19 ኪሎ ነው። መሬት ላይ ላለ ሳጥን ምንም አይደለም፤ ከሦስተኛ መደርደሪያ ላይ አውርዳ ለባለጉዳይ ለምትፈልግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ብዙ ነው። ደግነቱ ያገለገለ ፋይል በሴንቲ ሜትር 65 ብንለው ሳጥኑ 2,470 ቅጠል ይይዝና 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ያ ስንወቅሰው የቆየነው አየር ለወገብ ይራራል።

ሚዛን ካነሣን አይቀር፣ መቁጠር ለሰለቸው ሰው ከሁሉ የሚፈጥነው መንገድ መመዘን ነው። አየር በሚዛን ላይ አያታልልም። የተሞላውን ሳጥን መዝኑ፣ የባዶውን ቀንሱ፣ የቀረውን ለ5 ግራም አካፍሉ። 11 ኪሎ ከቀረ 2,200 ይመጣል። ከዚያ የክላሴሩንና የስቴፕሉን ክብደት ገምታችሁ ቀንሱ፤ ሁለት ሺህ ገደማ ብትሉ ከእውነቱ ብዙ አትርቁም። ጥንቃቄ የሚያሻው ወረቀቱ ሁሉ 80 ግራም ነው ብሎ መድፈር ላይ ነው። በታይፕራይተር ዘመን በካርቦን የተባዙ ስስ ቅጂዎች አሉ፤ እነሱ የበዙበት ሳጥን በ5 ግራም ሒሳብ ከተሰላ እውነተኛው የቅጠል ብዛት ከግምቱ ይበልጣል።

ቅጠልና ገጽ መለየትም የግድ ነው። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ ክስ የመሠረተው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የሰበሰበው የሰነድ ማስረጃ ከ300 ሺህ ገጽ በላይ እንደነበር ይነገራል። ሁሉም በአንድ ወገን ብቻ የተጻፈ ቢሆን በኛ ሳጥን ሒሳብ 120 ሳጥን ግድም ነው፤ በሁለት ወገን ቢሆን ግማሹ። "ይህን ያህል ገጽ" የሚል ሪፖርት ስትሰሙ በአንድ ወገን ነው በሁለት ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሳጥኑን እጥፍ ያደርገዋል ወይም ግማሽ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሀብሩ እንሂድ።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ሲጀመር መሣሪያው ገመድና የጎረቤት ምስክር ነበር። በየቀበሌው ሕዝብ የመረጠው ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ ወሰን ያስይዝ ነበር። ለባለይዞታው ደብተር ተሰጠ፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ያለበት። ክልሉ ጉዳዩን በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ደነገገ። ኋላ ደግሞ በአየርና በሳተላይት ፎቶግራፍ የታገዘ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ መጣ፤ ማሳው ካርታ አገኘ። ይህ ሁሉ ለገበሬው ዋስትና ነው፤ ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ደግሞ ወረቀት ነው። ማመልከቻ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የውርስ ውሳኔ፣ የስጦታ ውል፣ የኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ። ወንድማማች ሲከራከር አንዱ ፋይል ይወፍራል፤ ነገሩ በይግባኝ ከወረዳው ከተማ ከመርሳ ወደ ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲመጣ ቅጂው እንደገና ይበዛል።

እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ "የሀብሩን የመሬት ፋይል ሁሉ በሳጥን አድርገን ወደ አዲስ ክፍል እናዛውር፤ ስንት ሳጥን እንግዛ?" ቢል ምን እንመልሳለን? ዝርዝሩ እጃችን ላይ የለም እንበል። ከምናውቀው እንነሣ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወረዳው 193 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበረው፤ ከመቶው 14 ያህሉ በመርሳና በሌሎቹ ትናንሽ ከተሞች የሚኖር ነው። የገጠሩ ወደ 165 ሺህ ይሆናል። በአንድ ቤት በአማካይ 4.3 ሰው ብንል 38 ሺህ አባወራና እማወራ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አድጓል፤ በሌላ በኩል ጎጆ ወጥቶ መሬት ያላገኘ ወጣት ብዙ ነው። አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትታልና 38 ሺህ ፋይል ብለን እንያዝ።

አንድ ፋይል ስንት ቅጠል አለው? 12 ይሁን ብለን እንጀምር፤ ይህ የእኔ መነሻ ግምት ነው። 38 ሺህ በ12፣ 456 ሺህ ቅጠል። በሴንቲ ሜትር 65 ሲሆን 70 ሜትር መደርደሪያ። በሳጥን 185። ክብደቱ ሁለት ቶን ከ300 ኪሎ ገደማ። አንድ አይሱዙ በአንድ ዙር ይጨርሰዋል። ከስሪንቃ እስከ ግራና፣ ከውርጌሳ እስከ መርሳ ያለው የገበሬ ሁሉ የመሬት ታሪክ በአንድ መኪና ላይ ይጫናል ማለት ነው። ይህን ስታስቡ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ቢነዳ ደስ ይላችኋል።

አሁን ግን ዋናው ነገር መጣ። 185 ምን ያህል ይታመናል? ሁለቱን ግምቶች አንድ በአንድ እናነቃንቃቸው። በሴንቲ ሜትር 65 ያልነው 60 ቢሆን ሳጥኑ 200 ይሆናል፤ 70 ቢሆን 171። ብዙ አልተናወጠም። አንድ ፋይል 12 ቅጠል ያልነው 8 ቢሆንስ? 123 ሳጥን። 20 ቢሆን? 308። እዚህ ላይ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ባለሙያ ማይክሮ ሜትር ይዞ የወረቀት ውፍረት ሲለካ ቢውል ግምቱ የሚሻሻለው በጥቂቱ ነው፤ ሌላው ሄዶ ሠላሳ ወይም አርባ ፋይል ከፍቶ ቅጠል ቢቆጥር ችግሩን ከሥሩ ይይዘዋል። ብዙ የግምት ጥፋት የሚመጣው የምንችለውን ስለምንለካ፣ የሚያስፈልገውን ስለማንለካ ነው።

ሠላሳውን ፋይል የምንመርጥበት መንገድም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መደርደሪያ ውስጥ እጃችሁን ሰዳችሁ ያገኛችሁትን ብታወጡ ወፍራሙ ፋይል ቶሎ እጅ ይገባል፤ ስሱ በወፍራሞቹ መካከል ተደብቆ ያመልጣል። ፊት ለፊት ያለውን ብታነሡ ደግሞ ሰሞኑን ክርክር የተነሣበትን ነው የምታገኙት፤ ክርክር ያለበት ፋይል ወፍራም ነው። በሁለቱም መንገድ አማካዩ ይጋነናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መዝገቡን ይዛችሁ በተራ ቁጥር በየሺው አንድ ፋይል አውጡ፣ እጅ የወደደውን ሳይሆን ቁጥሩ ያዘዘውን። ከሁሉም ቀበሌ መሆኑን አረጋግጡ። በመስኖ የሚለማው መሬት፣ ለከተማ የቀረበው መሬት ውርሱም ኪራዩም ይበዛበታል፤ ራቅ ያለው ቀበሌ ፋይል እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

"ታዲያ ከ123 እስከ 308 የሚል ግምት ምን ይረባል?" የሚል አይጠፋም። ይረባል። በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 1945 አሜሪካኖች የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሲሞክሩ፣ ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ የተቀዳደደ ወረቀት ይዞ ቆመ። የፍንዳታው ግፊት ሲደርስ ወረቀቶቹን ለቀቃቸው፤ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ተገፍተው ወደቁ። ከዚያች ርቀት ተነሥቶ ፍንዳታው የአሥር ሺህ ቶን ቲኤንቲ ያህል ነው ብሎ ገመተ። ኋላ በመሣሪያ ሲሰላ ሃያ ሺህ ገደማ ሆነ። በግማሽ ተሳሳተ፤ ነገር ግን አምስት መቶም አላለም፣ አምስት መቶ ሺህም አላለም። የእኛም ግምት ሥራው ይኸው ነው። ሃምሳ ሳጥን ታዞ ግማሽ ፋይል መሬት ላይ እንዳይቀር፣ ሁለት ሺህ ሳጥን ታዞ በጀት እንዳይባክን ይከላከላል። አንድ አይሱዙ ይበቃል ወይስ ሦስት ያስፈልጋል ለሚለው ደግሞ ከወዲሁ መልስ ሰጥቷል፤ በ20 ቅጠል ሒሳብ እንኳ አራት ቶን አይሞላም።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያም መርሳም በጦርነት ውስጥ አልፈዋል። በክልሉ ጦርነት በረገጣቸው ከተሞች መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ሰነድ ተበትኗል፣ ተቃጥሏል። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ያህል ጠፋ?" ነው፤ የጠፋን ወረቀት ደግሞ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ግን ባዶውን መደርደሪያ መለካት ይቻላል። መደርደሪያው በፊት ሙሉ እንደነበር የሚያውቅ ሠራተኛ ካለ፣ የባዶው ርዝመት በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በ65 ሲባዛ የጠፋው ቅጠል ግምት ይገኛል። ስድስት ሜትር ባዶ ወደ 39 ሺህ ቅጠል ነው፤ በ12 ሲካፈል 3,250 ፋይል። 3,250 ባለይዞታ ምን ያህል ቀበሌ እንደሆነ መገመት ደግሞ ለወረዳው ሰው አይከብድም። በዚህ ቁጥር የትኛው ቀበሌ ቀድሞ መጎብኘት እንዳለበት፣ ስንት ባለሙያ ለስንት ሳምንት እንደሚያስፈልግ ማቀድ ይቻላል። መልሶ መገንቢያውም አለ፤ ደብተሩ በገበሬው እጅ ነው። የቢሮው ፋይል ቢጠፋ፣ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ደብተር ምስክር ሆኖ ይቀርባል።

ከየመሥሪያ ቤቱ ለመጣችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። በእያንዳንዱ ሳጥን ጎን ላይ፣ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በጎኑ፣ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፣ ከየትኛው ተራ ቁጥር እስከ የትኛው እንደሚደርስና ፋይሉ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጻፉ። በክዳን ላይ የተጻፈ ክዳኑ ሲቀያየር ይሳሳታል፤ ሳጥን ሲደራረብም አይታይም። የዝርዝሩን አንድ ቅጂ ከዚያው ሕንፃ ውጭ አስቀምጡ፤ የመርሳው ወልድያ፣ የወልድያው ሌላ ቦታ ይሁን። ሳጥኖቹን ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ አድርጓቸው፤ ምስጥ የቅጠል ብዛት አይገምትም፣ ይጨርሳል። ባለይዞታ የሆናችሁ፣ ወይም ገጠር እናት አባት ያሏችሁ፣ ለበዓል ስትሄዱ የይዞታ ደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለሌላ ዘመድ ላኩ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አሁን ካርቶኑን ከፍተን እንቆጥራለን፤ ከፊት ያላችሁ ሁለት ሰዎች ብትረዱኝ።